ለሁለት ሳምንት የሚሞቁት፣ ዕድሜ ልክ የሚነቀሱት

ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ የሚወርድ መንገደኛ ጋቢውን እመንገድ ላይ ያወልቃል። አንኮበር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ጉም ለብሳ ተቀምጣለች። ቁልቁለቱ ሲጀመር ገብሱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ማሽላው ይመጣል፣ ነፋሱ ይሞቃል። አሊዩ አምባ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚያይ ሰው የይፋት ቆላ እስከ አዋሽ ሸለቆ ድረስ ተዘርግቶ ይታየዋል።

በዚህ ቁልቁለት ላይ የሴቶቹም ጌጥ አብሮ ይለወጣል። ላይ፣ ከደጋው ገበያ የሚመለሱት አሮጊቶች አንገት ላይ በደረጃ የተደረደረ አረንጓዴ መስመር አለ፤ አንዳንዶቹም ግንባራቸው ላይ መስቀል ተነቅሰዋል። ታች፣ ቆላው ውስጥ፣ ሰርግ ወይም ዒድ ያለፈ ሰሞን የሴቱ ሁሉ መዳፍና የእግር ጣት ቀይ ነው፤ ሂና ሞቀዋል። አንዱ ጌጥ ከባለቤቱ ጋር መቃብር ይገባል። ሌላው ወር ሳይሞላው ከእጅ ላይ ይጠፋል።

ድንበሩ ቁርጥ ያለ ነው ማለቴ አይደለም። የደጋዋም ሙሽራ እንሶስላ ትሞቃለች፤ ቀዩ ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግሯ ላይ ይደረግና በቅጠልና በጨርቅ ተጠቅልሎ ያድራል። በወሎም በይፋትም አንገታቸውን የተነቀሱ ሙስሊም እናቶች አሉ። ሴቶቹ በገበያ ይገናኛሉ፣ ይተያያሉ፣ ያየችው ያማራት ትወስደዋለች። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ ዳር፣ ሰንበቴ ላይ፣ እሑድ እሑድ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው በአንድ ሜዳ ሲገበያይ ያየ ሰው ጌጥ ከማን ወደ ማን እንደሄደ ለመለየት ይቸገራል።

አሊዩ አምባ ራሷ የመገናኛ ልጅ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከሐረርና ከታጁራ የሚነሣው ቅፍለት በረሃውን አቋርጦ ጭነቱን የሚያራግፈው እዚህ ነበር። አርብ አርብ ገበያው ሲቆም ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ቡናና የዝሆን ጥርስ ወደ ባሕር ይወርዳል። ከከተማዋ አጠገብ አብዱል ረሱል በሚባለው ቦታ ሰውም ይሸጥ ነበር፤ የከተማዋ ታሪክ ሲነገር ይህ አብሮ መነገር አለበት። የእንግሊዝ መንግሥት መልክተኛ ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋ የገባው በዚሁ በር ነው። ቻርልስ ጆንስተን የተባለው ሐኪምም ከ1842 ጀምሮ እዚህ ተቀምጦ ያየውን ጽፎ በ1844 አሳተመ። ከዚያ ምኒልክ በ1887 ሐረርን ያዙ፣ አዲስ አበባ ተቆረቆረች፣ ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ቅፍለቱም መንገድ ቀየረ፤ በሺህ ግመል ይሞላ የነበረው በር ትንሽ ከተማ ሆኖ ቀረ። ይፋት እንዲህ ያለውን መነሣትና መውደቅ ቀድሞም ያውቀዋል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ የተነሣው ወላስማ የተባለው ሥርወ መንግሥት የገዛው ሱልጣኔት መስጊዶችና የድንጋይ ከተሞች ፍርስራሽ፣ አስበሪና ኖራን የመሳሰሉት፣ እስከ ዛሬ በዚሁ ተረተር ወገብ ላይ አሉ።

ድንጋዩ ሲፈርስ የቀጠለው የእጅ ሥራ ነው። የአርጎባ ሸማኔ ዛሬም ይሸምናል። ሴቶቹም ዛሬም ሂና ይሞቃሉ።

የሂና ሥራ ከሰርጉ አስቀድሞ ይጀምራል። ደርቆ የተፈጨው ቅጠል ይነፋል፤ ዱቄቱ በላመ ቁጥር መስመሩ ያምራልና ነፊዋ አትቸኩልም። ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ስኳር ይጨመርበታል፣ ተለውሶ ተከድኖ ለሰዓታት ይቀመጣል። የሎሚው ኮምጣጣነት ቀለሙን ከቅጠሉ እንዲለቅ ያደርገዋል፤ ስኳሩ ሊጡን አለስልሶ ቆዳው ላይ ያጣብቀዋል። ማታ ቤቱ በሴት ይሞላል፣ ድቤው ይመታል፣ ሙሽራዋ እጇን ዘርግታ ትቀመጣለች። ቀቢዋ ሊጡን በላስቲክ ኮን ሞልታ ጫፉን በመርፌ ቀዳዳ ያህል ትቆርጠዋለች። እርሳስ የለም፣ ልኬት የለም፣ ሥዕሉ ያለው እጇ ውስጥ ነው። ከመሐል መዳፍ ትነሣለች፣ አበባ ታወጣለች፣ ከአበባው ሐረግ ትስባለች፣ ሐረጉን በጣቶቹ ላይ ትከፍለዋለች። ሴቶቹ እየዘፈኑ፣ እየተሳሳቁ፣ በሙሽራዋ እያላገጡ ቀቢዋ ቀና አትልም። የቀኝ እጅ ሲያልቅ ግራው ይመጣል፣ ከዚያ እግሩ።

ሊጡ ደርቆ ሲፈረፈር ከሥሩ የሚታየው ቀለም ብርቱካን ነው፤ የማያውቅ ሰው ደበዘዘ ብሎ ያዝናል። በአንድ ሁለት ቀን ግን እየጠቆረ ሄዶ የቡና ቅላት ይይዛል። ከሁሉ የሚደምቀው መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ነው፤ እዚያ ያለው ቆዳ ከሌላው ይልቅ ወፍራም ስለሆነ ቀለሙን አብዝቶ ይይዛል። ሆኖም ቀለሙ ከላይኛው የቆዳ ሽፋን አይዘልቅም። ያ ሽፋን የሞቱ ሕዋሳት ክምር ነው፤ በየቀኑ ይረግፋል፣ ከታች ይተካል። ሙሽራዋ እጇን ባጠበች ቁጥር፣ ልብስ ባሸች ቁጥር፣ ሊጥ ባቦካች ቁጥር ሐረጉ ይሳሳል። በሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ በሦስት፣ አበባው የለም።

ሂና የምትቀባ ሴት ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ሌሊቱን ሙሉ ጎንበስ ብላ የምትስለው ሐረግ ለወሩ ማለቂያ እንደማይደርስ እያወቀች አንዲት ቅጠል አትዘልም፤ የተሳሳተውን መስመር በጨርቅ ጠርጋ እንደገና ትጀምራለች። በስሟ የሚቀር ሥራ የላትም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የለም፣ ለልጅ የሚወረስ የለም። ያላት ነገር ቢኖር ነገ በሌላ ሰርግ ቤት የሚጠብቃት ባዶ መዳፍ ነው። እኔ ለእጅ ሥራ መሰጠት ሲባል ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አላውቅም።

ንቅሳት ሌላ ዓይነት ሥራ ነው።

ነቃሿ መርፌ ወይም እሾህ ትይዛለች። ቀለሟ ከማእድ ቤት ነው፤ ከምጣድ ግርጌ ወይም ከኩራዝ ጭስ የተለቀመ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ይለወሳል። ልጅቱ ጭንቅላቷን በእናቷ ወይም በአክስቷ ጭን ላይ ታደርጋለች፣ ትያዛለች። መርፌው ነጥብ በነጥብ ይወርዳል፣ ነጥቡ መስመር ይሆናል፣ መስመሩ አንገቷን ይዞራል። ደሙ ይጠረጋል፣ ጥላሸቱ ይታሻል። አንገቷ ለቀናት ያብጣል፣ ይቀርፋል። ሲድን ከላዩ ተጠርጎ ጥቁሩ ከውስጥ ይቀራል፤ በቆዳ ውስጥ አልፎ የሚታይ ብርሃን ስለሚበተን ለዓይን አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ይመስላል። ብዙዎቹ የተነቀሱት በልጅነታቸው፣ ከመዳራቸው በፊት ነው። እንቢ የማለት ዕድል ያልነበራቸው ጥቂት አይደሉም፤ ይህን ሳይናገሩ ስለ ውበቱ ብቻ መጻፍ ለእነሱ ታማኝ አለመሆን ነው።

ለምን ይነቀሱ እንደነበር ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ነው። አንገት ላይ እንደ ድሪ የሚዞረው ወርቅና ብር ለሌላት ልጅ ሌባ የማይወስደው ጌጥ ነበር። ንቅሳተ ድድ ማለት በአገራችን ውዳሴ ነው፤ ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ በረዶ ይመስላልና ልጃገረዶች ያን የሚያህል ሕመም ታግሠው ድዳቸውን ያስወጉ ነበር። የግንባር መስቀል የእምነት ማኅተም ነው፤ አውልቀው የማይጥሉት፣ ማንም በጥሶ የማይወስደው ማተብ። የአንገት ንቅሳት ደግሞ ለእንቅርት መድኃኒት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። እንቅርት የሚመጣው ከአዮዲን ማነስ ስለሆነ ጥላሸት አይፈውሰውም፤ የሚከላከለው በአዮዲን የበለጸገ ጨው ነው፣ እሱም በአገራችን በመንግሥት ደንብ ግዴታ የሆነው በ2003 ዓ.ም. ነው። እነዚያ ሴቶች የተነቀሱበት ምክንያት አርጅቶ ሲያልፍ ምልክቱ አንገታቸው ላይ ቀረ።

ሃይማኖቶቹም ቃል አላቸው። በእስልምና ነቃሿንም ተነቃሿንም የሚያወግዝ ሐዲስ አለ፤ ሂና ግን የተወደደ ነው። ቆላው ሂናን አጥብቆ የያዘበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ሌላው ሂና የሙቅ አገር ዛፍ መሆኑ ነው። በኦሪትም ዘሌዋውያን 19፥28 ገላን መንቀስን ይከለክላል። ቢሆንም የምሥራቅ ክርስቲያኖች መስቀሉን በገላቸው ላይ ከመጻፍ አልታቀቡም። በኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማ ራዙክ የሚባለው ከግብፅ ቅብጦች የመጣ ቤተሰብ ለ700 ዓመታት ያህል ተሳላሚዎችን ሲነቅስ እንደኖረ ይናገራል። የዚህ ቤተሰብ ሀብት ሥዕሎቹ የተቀረጹባቸው የእንጨት ማኅተሞች ናቸው፤ ማኅተሙ ቀለም ነክቶ ቆዳ ላይ ይታተማል፣ መርፌውም ያንን ይከተላል። ነቃሹ ቢሞት ሥዕሉ እንጨቱ ላይ አለ። የእኛዋ ነቃሽ ማኅተም አልነበራትም። ስንት መስመር፣ የት ላይ ነጥብ፣ የት ላይ መስቀለኛ የሚለውን ሁሉ የያዘችው በራሷ ነው፤ ስትሞት አብሯት ሄደ።

ንቅሳት የሰው ልጅ ጥንታዊ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በአልፕስ በረዶ ውስጥ የተገኘው ኦትሲ የተባለው ሰው ከሞተ 5,300 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ገላው ላይ 61 ንቅሳቶች ተቆጥረዋል፣ ቀለማቸውም ጥላሸት ነው። በፊሊፒንስ ካሊንጋ ተራሮች ውስጥ ደግሞ በ1917 የተወለዱት ዋንግ ኦድ የተባሉ አረጋዊት እስከ እርጅናቸው ዘልቀው በእሾህና በጥላሸት ሲነቅሱ ኖረዋል። እሾሁ ከሎሚ ዘመድ ከሆነ ዛፍ ይወሰዳል፣ በቀርከሃ ዘንግ ጫፍ ይታሠራል፣ በሌላ ዘንግ እየተመታ ይወጋል። በ106 ዓመታቸው፣ በሚያዝያ 2023፣ የቮግ መጽሔት የፊሊፒንስ እትም በሽፋኑ ላይ አወጣቸው። ሥራው ከሥጋ ዘመድ ውጭ ለሰው ከተላለፈ ቁስሉ ያመረቅዛል ተብሎ ስለሚታመን፣ ልጅ ያልወለዱት ዋንግ ኦድ የወንድምና የእኅት የልጅ ልጆቻቸውን አስተማሩ፤ ዛሬ ሰው ከዓለም ዙሪያ ተራራ ወጥቶ በእነሱ እጅ ይነቀሳል። ይህን ባሰብሁ ቁጥር የሰሜን ሸዋና የወሎ ነቃሾች ትዝ ይሉኛል። መሣሪያው አንድ ነው፣ ቀለሙ አንድ ነው። የእነሱን እጅ ግን ማንም አልተቀበለም።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ንቅሳት የሚቆየው ቀለሙ ከቆዳው ሥር ሳይነቃነቅ ስለሚቀመጥ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በፈረንሳይ ማርሴይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ ያደረጉት ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። መርፌው ሲወጋ ማክሮፋጅ የሚባሉት የገላ ዘበኛ ሕዋሳት ወደ ቁስሉ ይመጣሉ፣ ጥላሸቱን ይውጡታል፣ ሊፈጩት ግን አይችሉም። እንደ ያዙት ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ሲያልቅ ይሞታሉ፣ ቀለሙን ይለቃሉ፣ በቦታው የተተኩት አዳዲሶቹ ደግሞ መልሰው ይውጡታል። ተመራማሪዎቹ እነዚህን ሕዋሳት ሆን ብለው ሲገድሏቸው ንቅሳቱ አልጠፋም፤ የሚቀጥሉት ተረክበውት ተገኙ። በአያቴ ዕድሜ ያሉ ሴቶች አንገት ላይ ያለው መስመር እንግዲህ ሟቾች ለሟቾች እያቀበሉት ሰባና ሰማንያ ዓመት የዘለቀ ነው። የማይለወጥ የሚመስለው ጌጥ የቆየው ተቀባይ ስላላጣ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ሂናንና ንቅሳትን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ነገሩ ተገልብጦ ይታየኛል። ሂና ስለሚለቅ ሁልጊዜ ይሠራል። ሰርግ በመጣ ቁጥር፣ ዒድ በደረሰ ቁጥር ቀቢዋ ትጠራለች፤ ትንሿ ልጅ ከጎኗ ተቀምጣ ታያለች፣ በታናሽ እኅቷ እጅ ላይ ትሞክራለች፣ ብታበላሸውም በሁለት ሳምንት ይጠፋላታል። ስሕተቷ ስለማይቆይ አትፈራም፤ ስለማትፈራም ቶሎ ትማራለች። ንቅሳት ግን በአንዲት ሴት ገላ ላይ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ነው። አንድ ትውልድ አልነቀስም ሲል የነቃሿ መርፌ ሥራ ይፈታል፣ ከጎኗ ተቀምጣ የምታይ ልጅ አትኖርም። ዕድሜ ልክ የሚቆየው ጌጥ የሠሪውን እጅ ማቆየት አልቻለም። በሁለት ሳምንት የሚጠፋው ግን እጁን ከእናት ወደ ልጅ ሲያሻግር በይፋት ቆላ እስከ ዛሬ አለ።

ንቅሳት የቀረው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ መርፌ ለተሰለፉ ልጃገረዶች ሁሉ ይውል ነበር፤ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ በእንዲህ ያለ መርፌ ይተላለፋሉ። ኤች አይ ቪ ሲስፋፋ ስለታም ነገር በጋራ እንዳንጠቀም የተሰጠው ትምህርት ሕይወት አትርፏል። ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ለማስወገድ የተነሡትም ንቅሳትን ከእንጥል ማስቆረጥና ከጥርስ ማስነቀል ጋር መድበው አስተማሩ፤ ትክክል ነበሩ። ያሳዘነኝ ከድርጊቱ ጋር ሴቶቹም መነቀፋቸው ነው። ወደ ከተማ የገቡ ብዙ እናቶች አንገታቸውን በነጠላ መሸፈን ለመዱ፤ ልጆቻቸው የገጠር ምልክት ነው ብለው ያፍሩላቸዋል። አቅሙ ያላቸው በሌዘር ያስጠፉታል። ብርሃኑ ጥላሸቱን ይሰባብረዋል፣ ገላ ፍርፋሪውን ቀስ በቀስ ጠርጎ ያወጣዋል፤ ከቀለማት ሁሉ ለሌዘር ቶሎ የሚሸነፈውም ጥቁሩ ነው። ማስጠፋት መብታቸው ነው፤ ሳይጠየቁ የተጻፈባቸውን መፋቅ ማንም ሊከለክላቸው አይገባም። እናቶቹ ሲያስጠፉ ልጆቻቸው ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ በኤሌክትሪክ መርፌ ታቱ ያሠራሉ፤ ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ ከስልክ የወረዱ የባዕድ አገር ሥዕሎች ናቸው።

ሂናውም አደጋ አያጣውም። ቶሎ እንዲጠቁር ሲባል የጸጉር ማጥቆሪያ የሚቀላቀልበት አለ፤ ጥቁር ሂና ይሉታል። እውነተኛ ሂና ጥቁር አይደለም። በማጥቆሪያው ውስጥ ያለው ፒፒዲ የተባለ ኬሚካል ቆዳን ያሳክካል፣ ውኃ ያስቋጥራል፣ አንዳንዴም በሥዕሉ ቅርጽ ጠባሳ ይተዋል፤ አንድ ጊዜ የጎዳው ሰው ኋላ ጸጉሩን ሲቀባ ክፉኛ ሊታመም ይችላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚጠቁር ሊጥ የቀረበላት ሙሽራ እጇን ብትሰበስብ ይሻላታል። በሎሚ የተለወሰው ሂና አንድ ሁለት ቀን ታግሣ ከጠበቀችው ራሱ ይደምቅላታል።

አንድ ነገር ቢደረግ ደስ ይለኛል። የእናቶቻችን የአንገት መስመር፣ የግንባር መስቀል፣ የእጅ አንጓ አምባር ሥዕላቸው ያምራል፤ ክፉው መርፌው ነበር። ያ ሥዕል ወደ ሂና ቢሸጋገርስ? ከአሊዩ አምባ እስከ ሸዋ ሮቢት ሐረግና አበባ የሚስሉ ጎበዝ እጆች አሉ። የደጋውን ንቅሳት አይተው በሂና ቢስሉት ደም የለበትም፣ በሽታ የለበትም፣ ሕፃን አይያዝበትም። የወደደችው ትሞቀዋለች፣ ያልወደደችው በሁለት ሳምንት ትገላገለዋለች። ከስልክ የሚወርደውን የሕንድና የዓረብ ሐረግ የሚስል እጅ የአያቱን አንገት መሳል አያቅተውም። ሥዕሉ ግን በመጀመሪያ መገኘት አለበት፤ ያለውም በእርጅና ላይ ባለ ገላ ላይ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ለበዓል ወደ አገር ቤት ስትሄድ ወይም ስትሄጂ ከአያት ጎን ተቀመጡ። ነጠላቸውን ገለጥ እንዲያደርጉላችሁ በአክብሮት ለምኑ፤ እሺ ካሉ ፎቶ አንሡ፣ እንቢ ካሉ ተዉት። ማን እንደነቀሳቸው፣ በስንት ዓመታቸው እንደሆነ፣ ፈልገው ይሁን ተገደው፣ እያንዳንዱ መስመር ምን ተብሎ እንደሚጠራ ጠይቁና በደብተር ጻፉት። ንቅሳቱን ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ ለሰፈራችሁ ሂና ቀቢ ስጧት። ይህን የሚነግሯችሁ ሴቶች ዛሬ አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ሰባ ዓመት አልፏቸዋል።